ስክሪፕቱን ማጥፋት ለነጋዴው ምን ይጠቅማል?

ለነጋዴ ከገንዘቡ ቀጥሎ ዋና መሣሪያው ወሬ መሆኑ የታወቀ ነው። የት አገር ምን እንደ ተፈለገ፣ ዋጋው ስንት እንደ ገባ፣ የትኛው መሥሪያ ቤት ምን ዐይነት ዕቃ በጨረታ ሊገዛ እንዳሰበ በጊዜው ያልሰማ ነጋዴ፣ ዕቃው የቱን ያህል መልካም ቢሆን ገበያው ካለፈ በኋላ ይደርሳል። ይልቁንም በጋሞ ዞን የምንነግደው ነገር አብዛኛው የሚቆይ አይደለም። የላንቴና የምዕራብ ዓባያ ሙዝ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ከሙቀት ጋር ይሽቀዳደማል፤ የጫሞ ዓሣም ወሬ እስኪጣራ ድረስ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።

ቀድሞ ይህ ወሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣልን በጋዜጣ ነበር። በ1933 ዓ.ም. የተቋቋመው አዲስ ዘመን የጨረታ ማስታወቂያ የሚወጣበት ጋዜጣ በመሆኑ በነጋዴው ዘንድ እንደ ታወቀ አለ። ጋዜጣው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አርባ ምንጭ እስኪደርስ ድረስ ቢዘገይም፣ አንድ ጊዜ ከእጅ ከገባ በኋላ ለማንበብ ከዐይንና ከብርሃን በቀር ሌላ አይጠይቅም። ለባለጸጋውም ለጀማሪውም፣ ለሴቻ ነዋሪም ለጨንቻ ደገኛም ያው አንድ ጋዜጣ ነው። ዛሬ ግን የጨረታው ጥሪ፣ የግብሩ ማሳሰቢያ፣ የባንኩ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ሁሉ በኢንተርኔት ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግዥ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እየተዛወረ መጥቷል፤ እንደ ተለመደው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ድረስ ያለ ቅጣት የሚደረገው የንግድ ፈቃድ እድሳትም በኢንተርኔት በኩል ይፈጸማል። ይህ ለውጥ መልካም መሆኑን የሚክድ የለም። አንድ ነጋዴ ስለ አንዲት ማኅተም ብሎ ከቦንኬ ወይም ከዲታ ተነሥቶ እስከ አርባ ምንጭ መመላለስ ከቀረለት ትርፉ የሚቈጠር ነው።

ችግሩ የሚመጣው ገጹ አልከፈት ያለ እንደ ሆነ ነው። የስልኩ መስኮት ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ወይም አንዲት ትንሽ ክብ ምልክት ስትሽከረከር ትቆያለች፤ ወይም ጽሑፉ ለአንድ አፍታ ታይቶ ወዲያው ማስታወቂያ መጥቶ ይሸፍነዋል። ጣት ሊነካው ሲል መሥመሩ ወደ ታች ይሸሻል፤ ስልኩ ይግላል። ነጋዴው ኔትወርኩን ይወቅሳል፤ ሌላ የኢንተርኔት ጥቅል ይገዛል፤ ገጹ ግን ያው ነው። በዚህ ጊዜ ከኮምፒዩተር ዐዋቂዎች ዘንድ አንዲት አጭር ምክር ትሰማለች፤ ይኸውም «ስክሪፕቱን አጥፋውና እንደገና ክፈተው» የምትል ናት። ምክሩ እውነት አለበት። ነገር ግን ግማሹ ብቻ ስለሚነገር፣ ጥቅሙንም ጉዳቱንም ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ነገርን ከሥሩ እንደሚባለው፣ አስቀድመን ስክሪፕት ማለት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። አንድ ድረ ገጽ ወደ ስልካችን ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገር ይዞ ይመጣል። አንደኛው የሚነበበው ጽሑፍ ነው፤ ሁለተኛው ጽሑፉ በምን ቀለምና በምን ቅርጽ እንደሚታይ የሚወስን መመሪያ ነው፤ ሦስተኛው ገጹ ስልካችን ውስጥ ከገባ በኋላ ብራውዘሩን «ይህን አሳይ፣ ያንን ሸፍን፣ ሂድና ሌላ ነገር አምጣ» እያለ የሚያዝ የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ስክሪፕት የሚባለው ይህ ሦስተኛው ሲሆን፣ የሚጻፍበትም ቋንቋ ጃቫስክሪፕት ይባላል። ብሬንዳን አይክ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1995 በኔትስኬፕ ኩባንያ ሲሠራ የቋንቋውን የመጀመሪያ መልክ ያዘጋጀው በዐሥር ቀን ውስጥ ነበር። በመጀመሪያ የተገለገሉበት ለጥቃቅን ጉዳይ ነው፤ ለምሳሌ አንድ ሰው ቅጽ ሲሞላ የዘለለውን ቦታ ለማስታወስ። ዛሬ ግን የሚነበበው ጽሑፍ ራሱ ሳይቀር በስክሪፕቱ እጅ ብቻ የሚቀርብበት ገጽ እጅግ ብዙ ነው።

በሱቅ ብንመስለው፣ ጽሑፉ ዕቃው፣ መልኩ መደርደሪያው፣ ስክሪፕቱ ደግሞ ተላላኪው ልጅ ነው። ደግ ተላላኪ ያለው ሱቅ ገበያተኛን ያስደስታል። አንዳንዱ ሱቅ ግን ከልዩ ልዩ ኩባንያ የተላኩ፣ አንዱ የገቢ ወጪውን ቍጥር የሚመዘግብ፣ አንዱ ማስታወቂያ የሚለጥፍ፣ አንዱ ገበያተኛው ከዚህ በፊት የት ሱቅ እንደ ነበረ የሚሰልል ኀምሳ ተላላኪ በሩ ላይ አቁሞ፣ ሰው ዕቃውን ሳያይ ይመለሳል። ገጹ አልከፈት አለ የምንለው ብዙውን ጊዜ ይህ ግፊያ ነው።

የክብደቱን ነገር በቍጥር ብናየው ይበልጥ ይገባናል። አንድ የግዕዝ ፊደል በድረ ገጽ ላይ በተለመደው አመዘጋገብ 3 ባይት ይይዛል። እንግዲህ 2,000 ፊደል ያለው ደኅና ረጅም የጨረታ ማስታወቂያ 6,000 ባይት፣ ማለት 6 ኪሎባይት ያህል ነው። ኤችቲቲፒ አርካይቭ የተባለው የዓለምን ድረ ገጾች የሚመዝን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳገኘው፣ በስልክ የሚከፈት መካከለኛ ገጽ ይዞት የሚመጣው ስክሪፕት ብቻውን ከ500 ኪሎባይት ይበልጣል። ይህ ክብደት ከ80 በላይ የጨረታ ማስታወቂያዎችን ያህላል። ከዚህም በላይ ስክሪፕት እንደ ሥዕል መጥቶ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ስልኩ አንብቦ መፈጸም አለበት። በውድ ስልክ ላይ አንድ ሰከንድ የማይፈጀው ሥራ በርካሽ ስልክ ላይ ብዙ ሰከንድ የሚፈጀው በዚህ ምክንያት ነው።

ስክሪፕቱ በሚጠፋበት ጊዜ ተላላኪዎቹ ሁሉ ከበሩ ይነሣሉ። ጽሑፉ ቀድሞውኑ ከገጹ ጋር የመጣ ከሆነ፣ ያለ ጌጥም ቢሆን ጥርት ብሎ ይታያል፤ ይሸፍነው የነበረው ማስታወቂያ አይመጣም፤ መሥመሩም አይሸሽም። ጽሑፉን ራሱን ስክሪፕቱ ያመጣው የነበረ ከሆነ ግን ነጭ ገጽ ብቻ ይቀራል፤ አንዳንድ ጊዜ ሥዕሎቹም አብረው ይጠፋሉ። በሁለቱም መንገድ አንድ ነገር ይታወቃል። ስክሪፕቱ ሲጠፋ ጽሑፉ ከወጣ ጥፋቱ የስክሪፕቱ ነው፤ ምንም ለውጥ ከሌለ ግን ነገሩ የኔትወርኩ ወይም የባለገጹ ኮምፒዩተር ሊሆን ስለሚችል፣ ነጋዴው ሌላ ጥቅል ከመግዛቱ በፊት ቢቆይ ይሻለዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ለነጋዴ ከመድኀኒትነቱ ይልቅ ይህ የመመርመሪያነቱ ጥቅም ይበልጣል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። አስቀድሞ ገጹን እንደገና መጫን፣ ካልሆነም ታሪክ በማይመዘግበው የብራውዘሩ መስኮት መሞከር ተገቢ ነው። ይህ ካልረዳ፣ በአንድሮይድ ስልክ በክሮም ብራውዘር ራስጌ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክቶ ወደ ቅንብሮች፣ ከዚያም ወደ ጣቢያ ቅንብሮች፣ ከዚያም ጃቫስክሪፕት ወደሚለው መግባት ነው። እዚያ ለሁሉም ገጽ በአንድነት ማጥፋትም፣ አንድን ገጽ ብቻ ለይቶ መከልከልም ይቻላል፤ የሚመረጠው ሁለተኛው ነው። በአይፎን ላይ ከሳፋሪ ማስተካከያ ውስጥ «አድቫንስድ» በሚለው ሥር ይገኛል፤ በዚያ የሚጠፋው ግን ለሁሉም ገጽ ስለ ሆነ፣ ካነበቡ በኋላ መልሶ ማብራት እንዳይረሳ። ኦፔራ ሚኒ የሚባለውም ብራውዘር አለ፤ እርሱ እጅግ በሚጨምቅበት አሠራሩ ገጹን በራሱ ኩባንያ ኮምፒዩተር ላይ አስቀድሞ ከፍቶ አሳንሶ ይልከዋል። ለወሬና ለዋጋ ማንበቢያ መልካም ነው፤ የባንክ ምስጢር ቍጥርን ግን በሦስተኛ ሰው ቤት አሳልፎ መላክ አስተዋይ ነጋዴ የሚያደርገው አይደለም።

ይህን ካልሁ በኋላ ዋናውን ማስጠንቀቂያ ልናገር። ገንዘብ በሚከፈልበት ገጽ ላይ ይህ መድኀኒት ወደ ጉዳት ይለወጣል። በባንክ፣ በግብር መክፈያና የጨረታ ሰነድ በሚገባበት ገጽ ላይ ተላላኪው ልጅ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ሒሳብ ተቀባዩ ራሱ ነው። ቅጹን የሚመረምር፣ በአጭር መልእክት የሚመጣውን የማረጋገጫ ቍጥር የሚቀበል፣ ትእዛዙን ወደ ባንኩ የሚያደርስ እርሱ ነው። አንድ ነጋዴ የመክፈያውን ቍልፍ ከተጫነ በኋላ ገጹ ቀጥ ቢልበት፣ ስክሪፕቱን አጥፍቶ እንደገና ሊከፍት ቢሞክር፣ የመጀመሪያው ትእዛዝ ምናልባት ደርሶ ሳለ ማረጋገጫው ብቻ ሳይታይ ቀርቶ ይሆናል። ሁለተኛ ሲጫን ሁለት ጊዜ ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ጊዜ ምንም ነገር ሳይነካ የባንኩን አጭር መልእክት መጠበቅ፣ ካልመጣም የሒሳቡን መግለጫ በሌላ መንገድ መመልከት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እንደገና መሞከር ያስፈልጋል። ለንባብ ብሎ ስክሪፕቱን ያጠፋ ሰው መልሶ ሳያበራ ወደ ባንኩ ገጽ ሄዶ «ባንኩ ተበላሽቷል» ማለቱም የሚያጋጥም ነው። የፋየርፎክስ ብራውዘር ባለቤቶች እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን ማጥፊያ ከተራው የማስተካከያ ዝርዝር ያወጡት በዚህ ዐይነቱ ምክንያት ነበር፤ አሁን የሚገኘው ጠለቅ ካለው ዝርዝር ውስጥ ነው።

እንግዲህ ምክሩ ለንባብ ይጠቅማል፤ ለክፍያ አይሆንም። ነገር ግን ጉዳዩ በዚህ ያልቃል ብሎ ማለፍ ሸክሙን ሁሉ በነጋዴው ትከሻ ላይ መጣል ይሆናል። ሙዝ ለማስጫን በሌሊት የተነሣ ሰው የብራውዘርን የውስጥ አሠራር እንዲማር የሚገደድበት ምክንያት ምንድር ነው? የጨረታውን ጥሪ ያወጣው መሥሪያ ቤት ነው፤ ጥሪው እንዲነበብ የማድረግ ግዴታም የእርሱ ነው።

ይህ የጥቂት ሰዎች ቅሬታ የሚመስለው ቢኖር የእንግሊዝ መንግሥት ያደረገውን ጥናት ይመልከት። የመንግሥቱ የዲጂታል አገልግሎት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 በገጹ ላይ ባደረገው ቈጠራ፣ ከጎብኚዎቹ 1.1 በመቶ የሚሆኑት ስክሪፕት ሳይሠራላቸው ቀርቷል። ከእነዚህ ውስጥ ስክሪፕቱን ራሳቸው ያጠፉትና ብራውዘራቸው ፈጽሞ የማይቀበለው 0.2 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ የቀሩት 0.9 በመቶ ብራውዘራቸው ስክሪፕት የሚቀበል ሳለ በሌላ ምክንያት ያልሠራላቸው ነበሩ፤ መሥሪያ ቤቱም ከሚገመቱት ምክንያቶች መካከል የመሥመር መቋረጥን ጠቅሷል። እንግዲህ በእንግሊዝ አገር ከመቶ አንድ ሰው ያህል ሳይፈልግ ከስክሪፕት ውጭ ከቀረ፣ ከሲቀላ ወጥቶ የጨንቻን ዳገት ሲወጣ መሥመሩ ሦስት ጊዜ በሚቋረጥበት ስልክ ላይ ምን ያህል ሰው እንደሚቀር አንባቢ ራሱ ይገምት። ከመስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሳፋሪኮም ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን በአገራችን ሥራ መጀመሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን የመሥመር ባለቤቶች ቢበዙም ገጹ ራሱ ከከበደ በሩ ጠባብ ሆኖ ይቀራል።

በሌላ በኩል ደግሞ በዓለም ላይ ባዶው በር እየተዘጋ መሄዱ መታወቅ አለበት። ጉግል ቀላሉን የጂሜይል መልክ እ.ኤ.አ. በ2024 አስቀርቷል፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ደግሞ የመፈለጊያ ገጹ ስክሪፕት ላጠፋ ሰው አልሠራም ማለት ጀመረ። ለዚህ ያቀረበው ምክንያት በኮምፒዩተር የሚላኩ የሐሰት ጥያቄዎችን መከላከል ነው፤ ከንቱ ምክንያት አይደለም። ሆኖም ከዚህ የምንማረው፣ ስክሪፕቱን ማጥፋት ለዘለዓለም የሚያገለግል መሸሸጊያ አለመሆኑን ነው። ባለገጾቹ ራሳቸው ባዶውን በር ካላቆዩልን በቀር ከነጋዴው እጅ ያለው ማጥፊያ ከጊዜ ወደ ጊዜ ነጭ ገጽ ብቻ የሚያሳይ ይሆናል።

ይህ የማይቻል ነገር ቢሆን ኖሮ ባልተከራከርሁ ነበር። ነገር ግን በገዛ አገራችን ምሳሌ አለ። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ባለ ሥዕሉን መተግበሪያ ብቻ ይዞ አይደለም፤ *127# የሚል አጭር ቍጥርም አብሮ አለው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም እንዲሁ በ*889# ያገለግላል። በዚህ መንገድ የሚገለገለው ሰው ስክሪፕት አያውቅም፤ ኢንተርኔትም አያስፈልገውም፤ ቍልፍ ያለው ተራ ስልክ ይበቃዋል። በጋሞ ደጋ ሸማ ሠሪው ለድር ገዝቶ የሚከፍለው፣ ሙዝ አምራቹም ዋጋውን የሚቀበለው በዚህ መንገድ ሊሆን ይችላል። ገንዘብን ያህል ነገር በሁለት በር ማስገባትና ማስወጣት ከተቻለ፣ የአንድ ገጽ ማስታወቂያን በሁለት በር ማሳየት እንዴት ያቅታል? ለገንዘቡ የተደረገው ጥንቃቄ ለወሬው አለመደረጉ ያስገርማል።

ሕጉም ቢሆን ወደዚሁ ያመለክታል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቍጥር 1205/2012 አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ደንግጓል። መልእክቱ የወረቀትን ክብር ካገኘ እንደ ወረቀቱ ሊነበብ ይገባዋል። በጋሞ ባህል የሕዝብ ጉዳይ የሚነገረው በዱቡሻ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሜዳ ላይ ነው፤ ለመስማት የመጣው ሰው የተለየ መሣሪያ ይዞ እንዲመጣ አይጠየቅም። የመንግሥት ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ድረ ገጽም የዘመኑ ዱቡሻ ነውና እንዲያው ሊሆን ይገባል።

በዚህ ላይ ተቃራኒ አሳብ መኖሩን አልዘነጋም። የግል ጋዜጦች የሚኖሩት በማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያውንም የሚያመጣው ስክሪፕቱ ስለ ሆነ፣ አንባቢው ሁሉ ቢያጠፋው ጋዜጣው ገቢውን ያጣል። ይህ እውነተኛ ጉዳት ነው፤ እኛም ነጋዴዎች እንደ መሆናችን የሌላውን ነጋዴ እንጀራ ልናቃልል አይገባንም። ስለዚህ የግል ጋዜጣን ገጽ አልከፈት ሲል ብቻ እንጂ እንደ ልማድ በዚህ መንገድ ማንበብን አልመክርም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የዩኒቨርሲቲና የባንክ ማስታወቂያ ግን ከማስታወቂያ ገቢ ስለማይኖር ይህ ምክንያት አይደግፈውም። ገጹ አምሮ እንዲታይ መሥሪያ ቤቱ ቢፈልግ መብቱ ነው፤ ጽሑፉ ከጌጡ በፊት ይምጣ እንጂ።

ሌላም ተያይዞ የሚነሣ ነገር አለ። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ በስልክ ፎቶግራፍ አንሥተው ያንኑ ሥዕል ብቻ በቴሌግራምና በፌስቡክ ይለጥፉታል። ማኅተሙ እውነተኛነቱን ያሳያል ተብሎ ነው። ነገር ግን ሥዕሉ ከጽሑፉ ብዙ እጥፍ ይከብዳል፤ ዐይኑ ለደከመ ሰው ፊደሉን ቢያጎላው ይደበዝዛል፤ «ጄኔሬተር» ወይም «የምግብ አቅርቦት» ብሎ ለሚፈልግ ነጋዴም በፍለጋ አይገኝም። ሥዕሉ ይቆይ፤ ከሥሩ ግን ቃሉ ይጻፍ። ይህን ለማድረግ የአንድ ጸሓፊ ሩብ ሰዓት ይበቃል።

ምክር ቤታችን በዚህ ጉዳይ ሊያደርገው የሚችለው ብዙ ነው። በዞኑና በከተማው ላሉ መሥሪያ ቤቶች፣ እንደዚሁም ከአባሎቻችን ዕቃ ለሚገዙት ትልልቅ ድርጅቶች ደብዳቤ ጽፎ፣ ማንኛውም የጨረታ፣ የግብርና የፈቃድ ማስታወቂያ ያለ ስክሪፕት በሚነበብ ተራ ጽሑፍ እንዲወጣ ሊጠይቅ ይገባዋል። ሰነድ በሚገባበት በመጨረሻው ቀን ገጹ ከቆመም፣ ነጋዴው የመስኮቱን ሥዕል ከነሰዓቱ ይዞ ሲቀርብ ቀነ ገደቡ የሚራዘምበት ግልጽ ደንብ እንዲኖር ቢያሳስብ፣ ገጹ በመቆሙ ምክንያት ከውድድር የሚወጣ ሰው አይኖርም። ነጋዴውም በበኩሉ ገጹ አልከፈት ሲለው ቀኑንና ሰዓቱን፣ ስክሪፕቱ ሲጠፋ ጽሑፉ መውጣት አለመውጣቱን መዝግቦ ለምክር ቤቱ ቢያደርስ፣ ደብዳቤው በማስረጃ የተደገፈ ይሆናል።

ሥራው ከራሳችን ቢጀመር ደግሞ ሌላውን ለመጠየቅ አፋችን ይከፈታል። ምክር ቤቱ ለአባላት የሚያወጣውን እያንዳንዱን ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት አንድ ሠራተኛ ከገበያ በተገዛ ርካሽ ስልክ፣ ስክሪፕቱን አጥፍቶ፣ በጨንቻ የገበያ ቀን ኔትወርኩ በሚጨናነቅበት ሰዓት ይክፈተው። ጽሑፉ ካልወጣ ማስታወቂያው ተመልሶ ይሠራ።